አምስተኛው እምብርት

በበሰቃ ሐይቅ ላይ የሚኖር ሰው ጠዋት ሲነሳ መጀመሪያ የሚያደርገው ፊቱን መታጠብ አይደለም። የወለሉን ክዳን ያነሳና እጁን እስከ ክርኑ ወደ ጀልባው ሆድ ይሰዳል። እጁ ደረቅ ሆኖ ከወጣ ቀኑ ተጀመረ። እርጥብ ከሆነ ጣቱን ይቀምሳል። ጨው ጨውና ሳሙና ሳሙና ካለው ውኃው የሐይቁ ነው። ካላለው ደግሞ ከመጠጥ ውኃ በርሜሉ የፈሰሰ ነውና ተመስገን ብሎ ቁርሱን ይበላል። ጎረቤት ጎረቤቱን "እንዴት አደራችሁ?" ሲል የሚያገኘው መልስ "ደረቅ" የሚል ነው።

ሐይቁ የድሮውን መተሐራ፣ የባቡሩን ሐዲድና የአገዳውን ማሳ ከዋጠ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖታል። ከተማዋ ወደ ፈንታሌ ተራራ ወገብ ወጥታ ላይኛው መተሐራ ተባለች። መውጣት ያልፈለገ ወይም ቦታ ያልደረሰው በጀልባ ቀረ። ሦስት መቶ ያህል ጀልባዎች ናቸው፤ ሁሉም በሸራ ይሄዳሉ፤ ሐይቁ ሞተር አይወድም።

ከእነዚህ አንዷ "አይዞሽ" ትባላለች። ባለቤቷ ኤልዳና አኑሎ ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነው። እናቷ ኤልዳና ብላ ስታወጣላት ስሙ የሕፃናት ስም ነበር፤ ዛሬ የአሮጊቶች ስም ሆኗል። ሰውና ዕቃ ከዳር ዳር ታሻግራለች። አብሯት የሚሠራው ጂሎ ሮባ የተባለ የከረዩ ሰው ነው። ሸራና ገመዱ የእሱ ሲሆን ከወለል በታች ያለው ሁሉ የእሷ ነው። አሥራ አራት ዓመት እንዲህ ሠርተዋል።

ከወለል በታች ያለው ዋናው ነገር ቀዳዳ ነው። የትኛውም ጀልባ ከውኃው ወለል በታች በጎኑ ላይ ጥቂት ቀዳዳዎች አሉት፤ አንዱ የዕቃ ማጠቢያው ውኃ የሚወጣበት፣ አንዱ ሽንት ቤቱ ውኃ የሚስብበት፣ ሌላው ሌላ። በየቀዳዳው የናስ ቧንቧ ከነቫልቩ ተገጥሞበታል። የሐይቁ ሰው እነዚህን እምብርት ይላቸዋል። አይዞሽ አምስት እምብርት አላት።

በሰቃ ናስ ይበላል። ደህና ናስ ሲፍቁት ቢጫ ነው። የተበላው ሮዝ ይሆንና በጥፍር ሲነኩት እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። ስለዚህ ኤልዳና ቅዳሜ ቅዳሜ በሆዷ ተኝታ አምስቱንም ትፍቃለች። በየእምብርቱ አጠገብም የዝግባ ውታፍ በሲባጎ ታስሮ ተንጠልጥሏል።

በየጀልባው ሆድ ውስጥ የሐይቁ ነፍስ አድን ማዕከል ያስገጠመው ጆሮ አለ። ውኃው ሦስት ጣት ሲሞላ ጆሮው ለማዕከሉ ይናገራል። በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ የተነገረበት ጀልባ ተጎትቶ ይፈታል፤ በምትኩ አንድም ቀዳዳ የሌለው፣ ሰው የማይነዳው ግራጫ መርከብ ይመደባል። ይህ ነገር በሆነበት ዓመት ብቻ አርባ ስምንት ጀልባ ተፈቷል። የአይዞሽ ጆሮ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን ተናግሮ አያውቅም። ኤልዳና ይህን ለማንም አታወራም፤ ሌላ ሰው ሲያወራው ግን አታቋርጥም።

አባባ ናሆም ሀንዲሶ የመጡት በግንቦት መጀመሪያ ነው። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ በሥራ ዘመናቸው የመስኖ ፓምፕ ጠጋኝ ነበሩ። በጀልባዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ከኪሳቸው ወረቀት አወጡ።

"የአገዳ ቆራጮቹን ጉብታ ታውቂዋለሽ?" አሏት።

ታውቀዋለች። በሐይቁ ደቡብ ያለች ትንሽ ደሴት ናት። ድሮ ከሀዲያ፣ ከከምባታና ከወላይታ አገዳ ሊቆርጡ መጥተው እዚያው የሞቱ ሰዎች መቃብር ነበረባት። ውኃው በየወሩ አንድ ስንዝር እየጨመረ ስለነበር ከክረምቱ በኋላ ደሴት የሚባል ነገር አይኖርም። ሽማግሌው አጽሞቹን ወደ ላይኛው መተሐራ አዲስ መቃብር ማሻገር ይፈልጉ ነበር።

"ግራጫው መርከብ ለምን አያመጣቸውም?"

"ጠየቅን እኮ። ቅጹ የጭነቱን ዓይነት ምረጡ ይላል። የቤት ዕቃ አለ፣ እህል አለ፣ ከብት አለ። የሰው አጽም የለም። ‹የቤት ዕቃ በሉና ሙሉ› አለን አንዱ የቢሮ ሰው።" ሽማግሌው ወረቀቱን አጠፉት። "አባቴን የቤት ዕቃ አልልም።"

"ስንት ናቸው?"

"አርባ አንድ።"

ኤልዳና ወደ ጀልባዋ ውስጥ አየች፤ በዓይኗ ደረደረቻቸው። "በአንድ ጉዞ ይገባሉ፤ ሣጥኖቹን አጭር አድርጋችሁ አሠሩ" አለች።

በዚያ ሳምንት ቅዳሜ እምብርቶቹን ስትፍቅ አራቱ ቢጫ ነበሩ። አምስተኛው በግራ በኩል ያለው ነው። ድሮ ሞተሩ ማቀዝቀዣ ውኃ ይስብበት ነበር፤ ሞተሩ ተነቅሎ ከተጣለ በኋላ ተዘግቶ ቀርቷል። አንገቱ ላይ የጥፍር ያህል ሮዝ አየች። ለመቀየር ጀልባዋን ወደ የብስ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ያም ተራ የሚደርሰው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ይህን ጉዞ ይችላል ብላ ፈረደች። ተሳስታ ነበር።

በተቀጠረው ቀን አራት ሰዓት ላይ ከጉብታዋ ተነሱ። ሣጥኖቹ የጭን አጥንት የሚያስገባ ርዝመት ያላቸው ነበሩ። በእያንዳንዱ ውስጥ አጽሙና ከመቃብሩ የተዘገነ አፈር ስላለ ከአሥራ አምስት ኪሎ አያንሱም። ግማሾቹ በግራ፣ ግማሾቹ በቀኝ በኩል ተደርድረው በገመድ ታሰሩ። ከአባባ ናሆም ጋር አምስት ዘመዶች ተሳፈሩ። ከእነሱ መካከል ሜላት የምትባል ልብስ ሰፊና ልባቸው የሚደክም አንድ አስተማሪ ነበሩ። በሕይወት ያለው በጠቅላላው ስምንት ሰው ነው።

ነፋሱ ከአዋሽ በኩል፣ ከምሥራቅ ይነፍስ ነበር። አይዞሽ ወደ ሰሜን ስትሄድ ወደ ግራ ታዘነብላለች፤ ይህ የተለመደ ነው። ሐይቁ መሐል ሲደርሱ ጠንከር ያለ ነፋስ መጣና ጀልባዋ ከወትሮው ትንሽ ይበልጥ ተጋደመች። አንድ ሣጥን ከገመዱ ሥር መዳፍ ያህል ተንሸራተተ። አምስተኛውን እምብርት መታው አይባልም፤ ነካው። ቫልቩ ከአንገቱ ተቆርጦ ወለሉ ሥር ወደቀ።

የተሰማው ድምፅ የሚፈስ ውኃ ድምፅ አይመስልም ነበር። የደከመ በሬ ትንፋሽ ይመስል ነበር።

ኤልዳና ከጂሎ አጠገብ ቆማ ነበር። ወርዳ ክዳኑን አነሳችና በሆዷ ተኛች። ውኃው እንደ ክንድ ወፍሮ ይገባል። የተሰበረውን የናስ ቁራጭ በእጇ ነቅላ ውታፉን ከሲባጎው በጠሰችና አስገብታ በመዶሻ መታችው። በሦስተኛው ምት በቀዳዳው ዙሪያ ያለው የጀልባዋ ገላ ለሰለሰና ተሰነጠቀ፤ ናሱ ሲበላ እሱም ረጥቦ በስብሶ ኖሯል። ውታፉ በሰፋው ቀዳዳ አልፎ ሐይቁ ውስጥ ገባ። ቀዳዳው ቡጢ የሚያስገባ ሆነ።

"ጂሎ! ፓምፑን!"

ፓምፑ በደቂቃ ስልሳ ሊትር ያወጣል። በቀዳዳው የሚገባው በደቂቃ ከሁለት መቶ ይበልጥ ነበር። ሁለቱም ይህን ሒሳብ ያውቁታል።

ጆሮው ተናገረ። ምሰሶው ላይ ካለው ድምፅ ማጉያ የአንዲት ወጣት ድምፅ መጣ።

"አይዞሽ፣ አይዞሽ፣ ማዕከል ነኝ። ስንዱ እባላለሁ። ውኃ እየገባባችሁ ነው። ስምንት ሰው ናችሁ?"

"ስምንት ሕያዋን ነን" አለች ኤልዳና ከወለሉ ሥር። "አርባ አንድ ሙታን አሉ።"

ስንዱ ቀጠለች። "ነፍስ አድን ጀልባው በሃያ ሁለት ደቂቃ ይደርሳል። ሰው ብቻ ነው የሚያነሳው። እስኪደርስ ድረስ ጭነቱን ወደ ውኃ ጣሉና ጀልባዋን አቅልሉ። መመሪያው ነው።"

አባባ ናሆም ይህን ሲሰሙ ከተቀመጡበት ተነሱ። ሄደው ሣጥኖቹ ፊት ቆሙ፤ ሰማንያ አራት ዓመት ያደከማቸውን ሁለት እጆቻቸውን ዘርግተው ቆሙ። ሜላት ማልቀስ ጀመረች። አስተማሪው ደረታቸውን ይዘው ነበር።

ኤልዳና አላየቻቸውም። የምታየው ውኃውን ነበር። ቀዳዳው በግራ ነው። ጀልባዋ ወደ ግራ አዘንብላለች። የሣጥኖቹ ግማሽ ደግሞ በግራ፣ በቀዳዳው ላይ ተጭኗል። ሦስት መቶ ኪሎ።

ተነስታ ቆመች፤ ልብሷ ተጣብቆባታል።

"ጂሎ፣ አዙራት!"

"ወዴት?"

"ወደ መጣንበት! በቀኟ ትጋደም!" ወደ ሰዎቹ ዞረች። "አባባ፣ ማንንም አንጥልም። በግራ ያሉትን ሁሉ ወደ ቀኝ እናሻግራቸው። ፈጠን በሉ፤ ሁላችሁም!"

ጂሎ መሪውን ገፋ። አይዞሽ አፍንጫዋን በነፋሱ ፊት አዙራ ወደ ደቡብ ተመለሰች፤ ሸራው ወደ ሌላው ጎን ተገለበጠ። ሰዎቹ ከቁርጭምጭሚት በላይ በሞላው ውኃ ውስጥ ተሰልፈው ሣጥን ይቀባበሉ ጀመር። አባባ ናሆም በሰልፉ መጨረሻ ቆሙ። በየሣጥኑ ክዳን ላይ ስም ተጽፏል። ሣጥኑ በእጃቸው ሲያልፍ ስሙን ጮክ ብለው ይጠራሉ፣ አልፏል ይላሉ።

"ኤርቦሎ ዳንጊሶ። አልፏል። ሎምቤቦ ጩፋሞ። አልፏል። ሀንዲሶ ላምቦሬ…" እዚህ ላይ ሣጥኑን ወደ ደረታቸው አስጠጉት፤ አባታቸው ናቸው። "አልፏል።"

በየሣጥኑ ጀልባዋ ትንሽ ትንሽ ወደ ቀኝ ተጋደመች። ሃያኛው ሲያልፍ ግራ ጎኗ ከሐይቁ መውጣት ጀመረ። እንደ ክንድ ወፍሮ ይገባ የነበረው ውኃ ቀጠነ፤ ከዚያ ማዕበል ሲመታ ብቻ የሚተፋ ሆነ። ፓምፑ ማሸነፍ ጀመረ።

"አይዞሽ፣ ማዕከል ነኝ" አለች ስንዱ። "ወደ ኋላ እየተመለሳችሁ ነው። ጭነቱን ጣላችሁ?"

"አልጣልንም" አለች ኤልዳና። "ከውኃው ያወጣን እኮ ጭነት ያልሽው ነው።"

ጊዜያዊ መፍትሔ ነበር። እንዲህ ተጋድመው እስከ ማታ ቢሄዱ የሚመለሱት ወደ ጉብታዋ ነው። ቀዳዳው ከውጭ መደፈን ነበረበት። ኤልዳና ከወጥ ቤቷ የሽንኩርት መክተፊያ ጣውላዋን አመጣች። ከመኪና ጎማ ውስጥ የወጣ ከለመዳሪ በመጠኑ ቆረጠች። የድሮው ሞተር ታስሮበት የነበረ ረጅም ብሎን አገኘችና ጣውላውንም ጎማውንም በስታ ብሎኑን በሁለቱ አሳለፈች። ከውጭ ጣውላና ጎማ ይሆናል፤ ከውስጥ ደግሞ ጠፍጣፋ ብረትና ዳዶ። ከውጭ የሚያስገባ አንድ ሰው፣ ከውስጥ የሚያጠብቅ ሌላ ሰው ይፈልጋል።

"ከውስጥ ማን ይይዝልኛል?"

"እኔ ነኛ" አሉ አባባ ናሆም። ኮታቸውን አውልቀው ለሜላት ሰጧት።

"አባባ፣ ጎንበስ ማለት ይችላሉ?"

"አርባ ዓመት ፓምፕ ሥር ተኝቼ ነው የኖርኩት። አንቺ ውጪና ሥራሽን ሥሪ።"

ጂሎ ሸራውን አላልቶ ጀልባዋን አዘገማት። ኤልዳና ወገቧ ላይ ገመድ አሰረች። በሐይቁ ውስጥ አዞ አለ፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ጂሎ በአንድ እጁ ገመዷን፣ በሌላው መቅዘፊያ ይዞ ውኃውን እየመታ፣ "እትዬ፣ እኔ አለሁ፤ ዝም ብለሽ ሥሪ" አላት። እሷም ጣውላውን ታቅፋ በጀልባዋ ግራ ጎን ወረደች።

የበሰቃ ውኃ ዓይን ያቃጥላል። ዓይኗን ጨፍና በእጇ ዳሰሰችና የተሰነጠቀውን ጠርዝ አገኘችው። ማዕበል መጥቶ ከጀልባዋ ጋር አጋጫት። ብሎኑን ለማስገባት ሁለት ጊዜ ሞከረችና ሳተች። በሦስተኛው ገባ፤ ወዲያው ከውስጥ አንድ እጅ ይዞ ሲስበው ተሰማት።

በዚህ ጊዜ ነፍስ አድን ጀልባው ደረሰ። ሰው የለበትም። አሥር እርምጃ ርቆ ቆመና በሩን ከፈተ። በትሕትና እያንዳንዱን በስሙ ይጠራ ጀመር።

"ወይዘሮ ሜላት፣ እባክዎ ይሻገሩ። አቶ ጂሎ፣ እባክዎ ይሻገሩ። ወይዘሮ ኤልዳና፣ ውኃ ውስጥ ነዎት። እባክዎ ይሻገሩ።"

"አስተማሪውን አሻግሯቸው!" ብላ ጮኸች ኤልዳና ከውኃው። "ልባቸው አይችልም! ሌላም መሄድ የሚፈልግ ይሂድ፤ የሚያፍር እንዳይኖር!"

ጀልባው በቀኝ ጎን ተጠጋና አስተማሪው በሁለት ሰው ተደግፈው ተሻገሩ፤ ብቻቸውን እንዳይሆኑ ከዘመዶቹ አንዷ፣ እህታቸው፣ አብራቸው ሄደች። ሜላት የአባባ ናሆምን ኮት አቅፋ ቆማ ነበር። በሩን አየችው፤ ከዚያም ጀርባዋን ሰጠችው። ጀልባው የቀሩትን ስም ሦስት ጊዜ ጠራ፤ ሦስተኛው ሲያበቃ፣ "እምቢታዎ ተመዝግቧል" አለና በሩን ዘግቶ ሄደ።

"ዳዶው ገብቷል!" የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ።

"ያጥብቁ፣ አባባ! በደንብ ያጥብቁ!"

"ቆይ እንጂ! ጎማው ይቀመጥ። ቸኮልሽ።"

ጭንቅላቷ ብቻ ከውኃው ወጥቶ፣ ዓይኗ ተጨፍኖ፣ ኤልዳና ሳቀች። ከውስጥ የብሎን መፍቻ ቁልፍ ድምፅ ይሰማት ነበር፤ ሩብ ዙር፣ ዕረፍት፣ ሩብ ዙር። የሚያውቅ ሰው እጅ መሆኑን በድምፁ ለየችው። ጣውላው በመዳፏ ሥር ቀስ እያለ ወደ ጀልባዋ ገላ ተሳበ፤ ጎማው ዙሪያውን አበጠ፤ ቆመ።

ጂሎ ስቦ አወጣት። ሜላት በመጠጥ ውኃ ዓይኗን አጠበችላት። ማየት ስትችል መጀመሪያ ያየችው አባባ ናሆምን ነበር። ከወለሉ ሥር በአራት እግራቸው ወጥተው ተቀምጠዋል፤ ጢማቸው በዝገት ቀልቷል፤ ቁልፉን አልለቀቁም።

አሁን ፈተናው ነበር። ወደ ሰሜን ሲዞሩ ጀልባዋ በግራዋ ትጋደማለች፤ ቀዳዳውም ተመልሶ ውኃ ሥር ይገባል። ሣጥኖቹን በቀኝ እንዳሉ ተዋቸው፤ ክብደታቸው እንዲረዳ። ጂሎ ኤልዳናን አየ። እሷ ወለሉ ሥር ገብታ በሆዷ ተኛችና እጇን ጠፍጣፋው ብረት ላይ አደረገች።

"አዙራት" አለች።

አይዞሽ ዞረች። ግራ ጎኗ ወረደ። ከውጭ ሐይቁ ሲመጣ ተሰማ፤ ጣውላው አንዴ ጮኸ። በብረቱ ጠርዝ ጠብታ ተሰበሰበና ወረደ። ሌላ ተከተለ። ኤልዳና ሰዓቷን እያየች ቆጠረች።

"በደቂቃ ሰባት ጠብታ" አለች።

አባባ ናሆም ጎንበስ ብለው አዩት። "ሰባት ጠብታ መፍሰስ አይባልም" አሉ። "ላብ ነው። ጀልባዋ ሠርታለች፤ ያልባት እንጂ።"

ጂሎ ሸራውን ሙሉ ለሙሉ ዘረጋው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ላይኛው መተሐራ ወደብ ገቡ። አስተማሪው ቀድመው ደርሰው ነገሩን ተናግረው ኖሮ፣ ወደቡ በሰው ተሞልቶ ነበር። ከመጣው ሰው አብዛኛው የአገዳ ማሳ አይቶ አያውቅም፤ ስለ ቆራጮቹም የሰማ ጥቂቱ ነው። ሆኖም ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆሙ። አይዞሽ ሸራዋን ሳታወርድ፣ ማንም ሳይጎትታት፣ ራሷ መጥታ ጎኗን ከድንጋዩ ጋር አስጠጋች።

የማዕከሉ ተቆጣጣሪ፣ ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላት ሴት፣ ሰሌዳ ይዛ ኤልዳናን ጠበቀቻት።

"ነፍስ አድን እምቢ ብለዋል" አለቻት። "ፈቃድዎ ለሦስት ወር ይታገዳል። ጆሮው አንዴ ተናግሯል፤ በዚህ ዓመት ሁለተኛ ከተናገረ ጀልባዋ ትፈታለች።"

"ይሁን" አለች ኤልዳና። ዓይኗ እንደ በርበሬ ቀልቷል። "አምስተኛውን ቅዳሜ ዕለት ሮዝ ሆኖ አይቼው ነበር፤ ይቆያል ብዬ ፈርጄ ነው። ይህንንም ጻፊው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሦስት ወሩ ይበቃኛል። አምስቱንም ነቅዬ እንደ አዲስ እገጥማለሁ።"

ተቆጣጣሪዋ ጻፈችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ወደ ጀልባዋ ውስጥ አየች። መክተፊያ ጣውላውን የያዘውን ብሎን፣ ዳዶውን፣ በጠርዙ ላይ የተሰበሰበችውን ጠብታ ረጅም ሰዓት አየች።

"ይህን ማን አጠበቀው?" አለች።

"እኔ" አሉ አባባ ናሆም። "እሷ አስገባችው፤ እኔ አጠበቅኩት።" ደረታቸውን ነፍተው ነበር።

ሣጥኖቹ መውጣት ጀመሩ። ሁለት ሁለት ሰው አንዱን ይይዛል። ሜላት በአንደኛው ጫፍ ብቻዋን ቀርታ ዞር ዞር ስትል፣ ተቆጣጣሪዋ ሰሌዳዋን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ሌላውን ጫፍ ያዘችላት። አባባ ናሆም ወረቀታቸውን ዘርግተው በሰልፉ አጠገብ እየሄዱ ስም ይጠሩ ነበር። ከአዲሱ መቃብር ቦታ እስከ ወደቡ ያለው ዳገት በሰውና በሣጥን ተሞላ።

ኤልዳና ከጀልባዋ አልወረደችም፤ ፓምፑን እየጠበቀች ነበር። ምሰሶው ላይ ያለው ድምፅ ማጉያ ተንጫጫ።

"አይዞሽ፣ ማዕከል ነኝ፤ ስንዱ። ሥራዬን ጨርሻለሁ፤ ለመዝገብ አይደለም የምጠይቀው። ገባችሁ?"

"ገባን።"

"ሁላችሁም?"

ኤልዳና ዳገቱን ቀና ብላ አየች። የመጨረሻው ሣጥን በሁለት ሴቶች መካከል እየወጣ ነበር።

"ሁላችንም" አለች።